የሰሞነኛው ጉበት

አባቴን በሰው ፊት «አባ፣ አረቄ ይጠጣሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው በዕድሜ ከእኔም ያንሳል። ሙያው ጤና መኮንን ነው፤ ደባርቅ ላይ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል እሱም ዶክተር ሲሉት አቤት ይላል። የምርመራ ክፍሉ በር አልነበረውም። በበሩ ቦታ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከመጋረጃው ማዶ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አግዳሚው ላይ በቅሎ ነጂው፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሌላውም ሌላውም ተራውን ይጠብቃል። ጥያቄው መጋረጃውን አልፎ ወደ እነሱ ሲሄድ በጆሮዬ ተከተልኩት። ውጭ የነበረው ወሬ ቆመ።

አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ደግሶ የጠራኝን ሰው አላሳፍርም» አሉ።

ከማዶ በቅሎ ነጂው «ይፍቱኝ አባ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ሲል አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ጤና መኮንኑ አልሳቀም፤ ጻፈ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አጥብቄ አየሁ፤ ፊቴ ግን ሲግል ይታወቀኛል።

በአባት ማፈር የጎረምሳ ጠባይ ነው። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ አላፈርኩባቸውም፤ እንዲያውም እሳቸው ናቸው በእኔ ሲያፍሩ የኖሩት። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ትቼ አስኳላ ገባሁ፤ ቀጥሎ ዳባት ላይ አስተማሪ ሆንኩ፤ ይባስ ብዬ መጣጥፍ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ጾም ጽፌያለሁ፣ ስለ ተዝካር ጽፌያለሁ፣ ስለ ባህል መድኃኒትም ስለ ዘመናዊው ሐኪምም ጽፌያለሁ፤ ሁሉንም ተቃውሜ። ያልተቃወምኩት ነገር ካለ ሳላነበው የቀረሁት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ድፍረት ግን አንድ የጨርቅ መጋረጃ ፊት አልቆመልኝም። ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በአባቴ አፈርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከጉበት አይደለም። ሚሌኒየሙ በተከበረ በጥቂት ዓመት ውስጥ አባቴን ሳል ያዛቸው፤ ክረምቱ ወጥቶም አልለቀቃቸው። አምጥቼ ሳስመረምራቸው የሳንባ ነቀርሳ ተባለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደባርቅ እኅቴ ዘንድ ተቀምጠው በየማለዳው ነርሷ ፊት ክኒናቸውን ዋጡ። ሳሉ ሲቀንስላቸው የወር መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ደብራቸው ተመለሱ። ደብራቸው ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ግድም፣ ከገብስ በቀር ብዙ ነገር የማይበቅልበት ብርድ አገር ነው። ነርሷ ስትሸኛቸው የተናገረችውን እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ «ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ አንድም ቀን ሳይዘሉ።» አባቴ ቃሏን እንደ ቀኖና ተቀብለው ደገሙላት።

በሽታውን ከእኔና ከእኅቴ በቀር ማንም እንዳይሰማ ለመኑን። የማኅበር ሰው ናቸው፤ በማኅበሩ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ሳንባውን የታመመ ሰው የጠጣበት ጽዋ ለጎረቤቱ ሲደርስ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚቀበለው አይተው ያውቃሉ። ከዚያም በላይ፣ የሚያስል ቄስ ቁርባን ፊት አይቆምም። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም። ዳነ ማለት ለእሳቸው መቀደስ ቻለ ማለት ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ጾሙ ሲጋመስ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሰፈርተኛው በአንድ ድምፅ የወፍ በሽታ ነው አለ፤ ወፍ በላያቸው በርራ ጥላዋን ጥላባቸው መሆን አለበት። አንዲት ባልቴት የሆነ ሥር ቀጥቅጠው በቅል አመጡላቸው። አባቴ «በአንድ አፍ ሁለት ሐኪም አላስገባም» ብለው መለሷቸው። እኔ ወሬውን ዳባት ሆኜ ስሰማ ሄጄ በእህል ጫኝ አይሱዙ ደባርቅ አወረድኳቸው። ያ የአረቄ ጥያቄ የተጠየቀው እንግዲህ ያን ቀን ነው።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ደም ልትቀዳ መርፌዋን ስታዘጋጅ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው «ቅጂ ልጄ፣ ዛሬ ከሰሞን ወጥቻለሁ» አሏት። አልገባትም። እኔ ገብቶኛል። በአባቴ ደብር ቄሶቹ በሁለት ተከፍለው ሳምንት ሳምንት እየተቀባበሉ ይቀድሳሉ፤ ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። በሁዳዴ ቅዳሴው በየቀኑ ነው፤ የሚወጣውም ቀኑ ካጋደለ በኋላ ነው። ሰሞነኛ ሳምንቱን ቤቱ አያድርም፤ ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ ከሰውነቱ ደም ከወጣም ያን ዕለት መቅደስ አይገባም። በመርፌ የተቀዳ ደም ከዚህ ሕግ ይቆጠራል አይቆጠርም ብዬ በመንገድ ላይ ተከራክሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን ደማቸውን የሚሰጡት ሰሞነኛ ባልሆኑበት ሳምንት ብቻ መሆኑን ቁርጡን ነግረውኛል።

የጉበታቸው ምርመራ ውጤት ከፍ ብሎ መጣ። እኔ ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ መጽሐፍ ፍለጋ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ሄድኩ፣ አነበብኩ፣ ያነበብኩትንም እኅቴ ቤት ተቀምጬ ለአባቴ አስረዳሁ።

«ምርመራው የጉበት ሥራ ምርመራ ይባላል። ስሙ ግን ግማሹ ውሸት ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«ስም ማረም ትወዳለህ። እንዴት ውሸት ሆነ?»

«ጉበት ጎተራ ነው ይበሉ። ኢንዛይም የሚሉት ነገር ደግሞ ውስጡ ያለው እህል። ጎተራው ደኅና ሲሆን እህሉ ከውስጥ ይቀመጣል፤ ደጅ ላይ የሚገኘው ጥቂት ፍሬ ነው። ጎተራው ሲሰነጠቅ እህሉ ይፈሳል። ደሙን ሲመረምሩ የሚለኩት ደጅ የፈሰሰውን ነው።»

«እንግዲያ ስለ ጉበቱ ሥራ ምን ነገረን?»

«እሱ ምንም አልነገረን። ሥራውን የሚናገሩ ሌሎች አሉ። ዓይንዎን ቢጫ ያደረገው ቢሊሩቢን ይባላል፤ ካረጀ ደም የሚወጣ እድፍ ነው። ጠርጎ የሚያስወጣው ጉበት ነው፤ ጉበት ሲታክት እድፉ ይከማቻል። አልቡሚን የሚባልም አለ፤ ጉበት ሠርቶ ወደ ደም የሚልከው ነው። የእርስዎ አልጎደለም። ደም ቶሎ መርጋት አለመርጋቱንም ያያሉ፤ የሚያረጋውን ነገር የሚሠራው ጉበት ስለሆነ። እሱም ደኅና ነው።»

አባቴ ጢማቸውን አሻሹ። «ደጅ ምንም ያልፈሰሰ ቢሆን ጎተራው ደኅና ነው ማለት ነዋ።»

«ወይም ባዶ ነው» አልኩ። «ያለቀለት ጉበት የሚያፈሰውም የለው።»

«ይሁን። ስንጥቁን ያመጣው አይጥ ይሁን መጥረቢያ፣ የፈሰሰው እህል ይናገራል?»

«አይናገርም። ስንት እንደፈሰሰ እንጂ ማን እንደሰነጠቀው አይናገርም» አልኩ፤ በራሴ በጣም ረክቼ።

ይህን በገዛ አፌ ተናግሬያለሁ። እኅቴም ምስክር ናት።

ተራቸው ደርሶ አንድ ሳምንት ቀደሱ። ከሰሞን እንደወጡ ጥቂት ቀን ቆይተን ለሁለተኛው ምርመራ ወረድን። ከፊተኛው ብሶ ተገኘ። ጤና መኮንኑ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠጋ።

«አባ፣ ክኒኑ ራሱ ጉበት ያስቸግራል። ግን ይሄን ክኒን ስንት ሰው እየዋጠ ነው፤ እንዲህ የሆነብኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። መጠጥ ሲጨመርበት ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«በሁዳዴ አረቄ?»

«ጠላስ?»

«ጠላማ ምግብ ነው።»

አግዳሚው ከማዶ እንደገና ሳቀ። ጤና መኮንኑ ድምፁን አልቀነሰም። «አጎቴም ቄስ ናቸው፤ አውቀዋለሁ። ሰሞን ላይ የታገሡትን ከሰሞን ሲወጡ ያካክሱታል።»

አባቴ ደነገጡ። ዓይኔ እያየ ነው የደነገጡት። አንገታቸውን ደፉ።

«በሚቀጥለውም እንዲህ ከሆነ ክኒኑን አቆመዋለሁ» አለ ሰውዬው። «ክኒኑ ከቆመ ሳሉ ይመለሳል። እርስዎ ያውቃሉ።»

እኔ ያን ድንጋጤ ካየሁ በኋላ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። የመጥረቢያውን ስም አውቄዋለሁ። ወደ ደብራቸው ስመልሳቸው ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መኪናው ሲያንገጫግጨን ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። ላስተካክልላቸው ጎንበስ አልኩ፤ ጎንበስ ያልኩት ግን አፋቸውን ላሸት ነበር። አፋቸው የሸተተኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልገባበት አፍ የሚሸተውን ነው፤ ረኃብ ረኃብ ብቻ።

«አገኘህ?» አሉኝ፤ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

ሾፌሩ እንዳይሰማ ብዬ ነው መልስ ያልሰጠሁት፤ ቢያንስ ያኔ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። የክርክር ሰው ነኝና ክርክር ፈጠርኩ።

«እንግዲያ በሰሞንዎ ሳምንት ደም ይስጡ» አልኳቸው። «ሰሞነኛ ሆነው እንደማይጠጡ እኔም አውቃለሁ፣ ያም ሰውዬ ያውቃል። ያን ጊዜም ውጤቱ ከፍ ካለ የመጠጡ ነገር ይቀራል፤ ስምዎ ይነጻል።»

«ዝቅ ካለስ?»

ዝቅ ካለ የመጠጡ ነገር ተረጋገጠ እንደሚባል ሁለታችንም ገብቶናል።

«እሰጣለሁ» አሉ፤ መኪናው ሊቆም ሲል። «ክኒኑን ከሚያቆሙብኝ አንድ ቀን ከመቅደስ ብቀር ይሻላል።»

በሰሞናቸው መጨረሻ ገደማ በማለዳ መኪና ወርደው ደም ሰጡ፤ ቅዳሴ ሳይገባ በተመላሽ መኪና ደብሩ ደረስን። ለቅዳሴው አንድ ቄስ ጎደለ። ከሰሞን የወጡት ቄስ ከእርሻቸው ተጠርተው መጡ፤ እግራቸውን እየታጠቡ «ምነው፣ እኛ ወጥተን ሳናርፍ?» ብለው ሲያጉረመርሙ አባቴ አጠገባቸው ቆመው ይሰማሉ። የመቅደሱ መጋረጃ ተዘጋ፤ ሌሎቹ ቄሶች ከውስጥ ናቸው፤ አባቴ ከውጭ፣ ከምእመናኑ ጋር፣ ግድግዳ ተደግፈው በመቋሚያ ቆሙ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከውስጥ ሆነው ሲሉት የኖሩትን ጸሎት ከውጭ በሹክሹክታ ሲከተሉ ከንፈራቸው ይታየኛል።

ከኋላዬ አንዲት ሴት «ቄሱ ምን ሆነው ነው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ። በደኅናማ ሳይገቡ አልቀሩም» አለቻት ሌላዋ።

«እኒህ? እኒህ ምን ያጠፋሉ?»

«ሰው አይደሉ?»

ስለ ጾምና ስለ ቀሳውስት ያን ያህል የጻፍኩ ሰው፣ ዞር ብዬ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የመርፌ ደም ነው ብል ምን ሊመረመሩ ነው ይባላል፤ ጉበት ነው ብል አረቄ ይባላል፤ ሳንባ ነው ብል ጽዋው ይቀራል። ዝም አልኩ። አባቴ ቁልቁል እያዩ ነበር፤ ሰምተዋል።

ውጤቱን ለመስማት ስንመለስ ከሰሞን ወጥተው ነበር። ጤና መኮንኑ ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ለእኔ ነበር። «አዩት መምህር? ሰሞን ላይ ሲሆኑ ይወርዳል።»

«ስንት ወረደ?» አሉ አባቴ።

«ከግማሽ በታች ወርዷል። የዓይንዎም ቢጫነት እየለቀቀ ነው።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንግዲያ መጥረቢያው እኔው ነኝ» አሉ።

ጤና መኮንኑ ያልገባውን ያህል እኔ ገባኝ። አሁን ሊናዘዙ ነው ብዬ መጋረጃውን አየሁ፤ ምነው በር ቢኖረው አልኩ።

«ሰሞን ላይ መድኃኒቱን አልውጠውም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ሰሞነኛ ከቅዳሴ በፊት ውኃ አይቀምስም፤ ክኒን እንዴት ይውጣል? ለበሽተኛ ጾም ይፈታለታል፤ ለቀዳሽ ግን አይፈታም። ጠዋት ነው ያላችሁኝ። ቅዳሴ ሲወጣ ደግሞ ጠዋቱ አልፏል።»

«ታዲያ የዚያን ሳምንት ክኒን ምን ያደርጉታል?»

«አካክሰዋለሁ። አንድም ቀን ሳይዘሉ ተብያለሁ። ከሰሞን ስወጣ በየጠዋቱ የሦስት የሦስት ቀኑን አንድ ላይ እየዋጥኩ ውዝፉን እጨርሳለሁ። የዳዊት ድርሻውን ያጓደለ ሰው በማግስቱ ደርቦ ይደግም የለ?» ከዚያ ወደ ሰውዬው ቀና አሉ። «ያን ለት ያካክሱታል ስትለኝ ማን ነገረው ብዬ ነው የደነገጥኩት። የሰሞኑን ክኒን ማጓደሌን ሰምተህ የምትቆጣኝ መሰለኝ።»

ጤና መኮንኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመጋረጃው ማዶ እንኳ የሚስቅ ጠፋ።

«ደም ሲሰጡ የነበረውስ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ከሰሞን ሲወጡ ነው» አልኩ እኔ። «የፊተኞቹን ሁለቱንም ጊዜ ሲደርቡ በሰነበቱበት ሳምንት ነው ያመጣኋቸው።»

ሰውዬው እንዳፈረ ከጆሮው አወቅሁበት፤ ቀልቷል። እሱ ግን ምክንያት አለው፤ አባቴን ያወቃቸው በዚያ ወር ነው። እኔ ሰሞነኛ ምን እንደሚከለከል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ነርሷ ያለቻቸውን ቆሜ ሰምቻለሁ፤ የፈሰሰው እህል ማን እንደሰነጠቀው አይናገርም ብዬ ራሴ አስተምሬያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ይዤ፣ ያላወቅሁት ቦታ ላይ አረቄ ሞላሁበት። ለምን አረቄ እንደመጣልኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዳባት ካለው የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ጀርባ ጠርሙስ አይጠፋም።

«አባ፣ መድኃኒት እንደ ዳዊት አይደረብም» አለ ጤና መኮንኑ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። «ለጥቂት ቀን እናቆመውና ጉበቱ ሲረጋጋ እንጀምረዋለን። ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ፣ የታዘዘውን ብቻ። በሰሞንዎ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ እህል ሳይቀምሱ ይውሰዱት።»

«ጠዋት አይደለማ።»

«እኛ የምንፈልገው ባዶ ሆድ ነው። ጠዋት የምንለው የሌላው ሰው ሆድ ባዶ የሚሆነው ጠዋት ስለሆነ ነው።»

«የእኔማ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ነው።»

«አሁን አወቅሁ፣ አባ።»

«ቅዳሴ ጠበሉን ጠጥቼ?»

«ጠጥተው። ክኒኑን ከጠበሉ በኋላ። ዘንግተው አንድ ቀን ቢያልፍዎት ደግሞ አልፎታል፤ አያካክሱ።»

አባቴ «እንዲህ ቀላል ነው?» አሉ። የጠየቁት ሰውዬውን ነው፤ ያዩት ግን እኔን። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰሞናቸው ስለተረፈላቸው ደስ ብሏቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲነሡ እንደ ወጣት ነበር የተነሡት። ከተነሡ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ከመጣን አይቀር የእሱንም ደም እዩለት» አሉ።

«የእኔን ምኑን?»

«ጎተራህን። አንተ እንደሆንክ የሚከለክልህ መቅደስ የለህ፤ ሰሞን አትጠብቅም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ ሦስት መልስ ነበረኝ። ተቀመጥኩ። የሸሚዜን እጅጌ ስጠቀልል አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ልጅቷ ክንዴን በጎማ አሰረች። ጤና መኮንኑ አዲስ ወረቀት አወጣ፤ መጋረጃውን አየት አደረገና ወደ እኔ ተጠጋ።

«መምህር፣ አረቄ ይጠጣሉ?»

አባቴ መልሴን አልጠበቁም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ከኋላቸውም መልሰው ዘጉት። ከዚያ ከውጭ ድምፃቸው መጣ፤ በቤተ ክርስቲያን የለመዱት፣ እስከ ጓሮ የሚሰማ ትልቅ ድምፃቸው።

«እናንተ ልጆች! ሊማሊሞ ዛሬ መኪና ያሳልፋል? ፓርኩ ውስጥ፣ ጨነቅ ላይስ ውርጩ እንዴት አደረ? በቅሎህስ ያ እግሯ ዳነላት ወይ?»

አግዳሚው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመልስላቸው ጀመር። አንዱ ስለ መንገዱ ሲያወራ ሌላው ስለ በቅሎዋ ይጮኻል፤ እሳቸው ደግሞ አንዱ ዝም ሊል ሲል ሌላ ጥያቄ ይጨምሩበታል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ እኔ የምናገረውን ከጤና መኮንኑና ከልጅቷ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

እንግዲህ እውነቱን ነገርኩት።